ከመያዣው ሥር የወጣው ጥቁር ዱቄት

መምህር ሽመልስ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ትንሽ ነገር ደበቀ። የመጀመሪያው የገዛ ግራ እግሩን፣ ሁለተኛው የሚስቱን ቀኝ እጅ አስከፈለው። በሁለቱም ጊዜ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ ግን መከላከያ አይሆነውም፤ በሁለቱም ጊዜ ምን እየሆነ እንዳለ ከማንም አስቀድሞ ያወቀው እሱ ነበርና።

ቅድመ አያቱ ከሸዋ ከመጣው ሠራዊት ጋር ሐረር ገብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ሽመልስም ከሸዋ በር ብዙ በማይርቅ ግቢ ተወለደ። ከጀጎል ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጠ፣ ሐረሪኛውንና ኦሮምኛውን ከአማርኛው ሳይለይ እየተናገረ አደገ፤ አዲስ አበባ ተምሮ ተመለሰና በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት መምህር ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ሌላ ሥራ አልሠራም፤ አልተመኘምም።

በክፍሉ ጥግ የተሰበረ ብረት የሞላበት ቁም ሣጥን ነበረው፦ የአሮጌ ፔጆ ታክሲ አክሰል፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የብስክሌት ፔዳል። አንዱን ያነሣና ተማሪዎቹን ይጠይቃል።

«ይህን አክሰል ምን ሰበረው?»

«ጉድጓድ ነዋ፣ ቲቸር! የእኛን መንገድ አያውቁትም እንዴ?»

ክፍሉ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። «ጉድጓዱማ የመጨረሻዋን ቃል ነው የተናገረው። ወሬውን የጀመረው ማን ነው?» ይልና የተሰበረውን ፊት ያሳያቸዋል። ለስላሳው በኩል ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘበት ነው፤ ሸካራው በኩል በአንድ ጊዜ የተበጠሰበት። ብረት በአንድ ትልቅ ጭነት የሚሰበረው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ትንሽ ጭነት ሲደጋገምበት ዝሎ ነው። «ለስላሳው ሰፍቶ ካያችሁት» ይላቸው ነበር፣ «ብረቱ ለብዙ ጊዜ ሲናገር ኖሯል ማለት ነው። የሰማው ግን የለም።»

ይህን የሚያስተምር ሰው ነው እንግዲህ፣ የስኳር ሕመም እንዳለበት እያወቀ፣ ከጫማው ሶል የወጣች ሚስማር ተረከዙን ወግታው ዝም ያለው። ሕመሙ የእግሩን ስሜት አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማውም፤ ካልሲው ላይ ያለውን ደም ግን በዓይኑ አየው። ያደረገው ነገር ቢኖር ነጩን ካልሲ ትቶ ጥቁር ማድረግ ነው። ሚስቱ በለጡ ያወቀችው ሽታው ሲነግራት ነው። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በለጡ ጠላፊ ናት። የካህናት ካባ፣ የታቦት መጎናጸፊያ፣ የድባብ ዘርፍ ከእጇ ይወጣል፤ የእሷን የወርቅ ክር አጣጣል የሚያውቁ ሰዎች ከድሬዳዋ ድረስ ጨርቅ ይልኩላት ነበር። ባሏ እግሩን ባጣበት ዓመት መርፌዋን አስቀምጣ አስታመመችው። ክራንች ላይ ሲቆም ወገቡን ይዛ አብራው ቆመች።

በዚያው ዓመት የስቅለት ዕለት፣ መስገድ አልችል ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባዶ እግሩን ነው፤ አንዱ ጫማው ወልቆ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ክራንቹ ግድግዳውን ተደግፏል። አንዲት ሴት እያለፈች፣ ፊቱን ሳታይ፣ ጭኑ ላይ ሳንቲም ጣለችለት። «ስለ ወዳጆቹ ብሎ ይማርህ» አለችና አለፈች። ሽመልስ ሳንቲሙን አላነሣውም፤ አልጣለውምም። በለጡ ከሴቶች ወገን ሆና አየችው፤ መጥታ በዝምታ አንሥታ ለነዳያን ሰጠችው። ከዚያች ቀን በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሚስቱም፣ ጎረቤትም ያውቀው ነበር፦ በስቅለት ቀን፣ እንደ ማንኛውም ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ማንንም ሳይደገፍ ቆሞ መስገድ።

በሚቀጥለው ክረምት ሰው ሠራሽ እግር አገኘ። እግሩን የገጠመችለት ሰላማዊት የምትባል ባለሙያ ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ እጇ ቀጥ ያለ። ከጉልበቱ በታች ያለው ቱቦ ከወትሮው ለየት ያለ ነበር።

«ሲያነሡት ምን ይመስልዎታል፣ ጋሽ ሽመልስ?»

«አሉሚኒየም አይደለም። ከአሉሚኒየም ይቀላል።»

«የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። በርዳታ የመጡ ጥቂት ነበሩ፣ አንዱ ለእርስዎ ደረሰ።»

ሽመልስ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ቱቦውን አገላብጦ አየ፤ ቱቦውን የሚጨብጠውን ክብ መያዣ፣ የመያዣውን ቡሎን፣ ሁሉን አየ። እሷም እያየችው ፈገግ አለች። ለሌላው ታካሚ አንድ በአንድ የምትናገረውን ለእሱ አሳጠረችው። «እንግዲህ መያዣውን አይፍቱት፣ ውሃ አያስነኩት፣ በየስድስት ወሩ ይምጡ። ለእርስዎ ደግሞ ምን እነግርዎታለሁ? እርስዎ አስተማሪ ነዎት!»

ይህ አክብሮት ነው፤ ሰዉም በአክብሮትነቱ ያመሰግነዋል። በአክብሮቱ ምክንያት ግን ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ አለ። እግሩ የተስተካከለው በጫማ ነው፤ የጫማው ተረከዝ ከፍታ ተለክቶ። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ይወርዳል፣ ቱቦው ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ጉልበትን ወደ ኋላ ይገፋል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በሞሉባት ከተማ፣ ሰው ሁሉ በሳምንት ስንት ጊዜ ጫማውን በሚያወልቅባት ሐረር፣ «ጫማ ያወልቃሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ሽመልስ ይህን ያወቀው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ግድግዳ ባይዝ ኖሮ በጀርባው ይወድቅ ነበር።

በለጡ ከጥልፏ ቀና ብላ ለጥቂት ጊዜ አየችው። «ሽሜ፣ ከተረከዙ ሥር ላስቲክ ቢጤ ቆርጠህ ካልሲው ውስጥ ብታስገባበትስ?»

«ከሥሩ ላስቲክ ካለ ምኑን አወለቅሁት? ያው ጫማ ነው።»

«ታዲያ መምሬ አሰፋን እንጠይቃቸዋ። የነፍስ አባታችን አይደሉ?»

«ደግሞ የእግሬን ጣጣ ይዤ ቄስ ፊት ልቁም? ተይኝ በናትሽ!»

ተወችው። እሱ ግን ማሰቡን አልተወም። ከመርገጫው ሥር የሚገባ ሁሉ ጫማ ከሆነ፣ ከላይ፣ ከቅልጥሙ ላይ የሚገባ ነገር ግን ጫማ ሊባል አይችልም። ስለዚህ እንደ ሽብልቅ የሚያገለግል ስስ ብረት መግባት ያለበት መያዣው ውስጥ ነው፤ በቱቦውና በመያዣው መካከል፣ በአንድ ወገን፣ ቱቦውን በትንሹ ወደ ፊት እንዲያዘነብለው። ይህ ጥንቃቄ የተሞላበት አስተሳሰብ ነው። እግዚአብሔርን ለማክበር ብሎ የምሕንድስናን ሕግ መጣስ እንደሚቻል ራሱን ያሳመነበት አስተሳሰብም ነው።

ፈላና በር አካባቢ ማንቆርቆሪያና የብር ጌጥ የሚጠግን ዩሱፍ የሚባል የቀድሞ ተማሪ አለው። ወደ እሱ ሄደ።

«ቲቸር! ኧረ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ወላሂ፣ ሲራመዱ ከእኔ ይሻላሉ!»

«አፍህን ዝጋና ስስ ነሐስ ቁረጥልኝ።» ሽመልስ ሱሪውን ሰብስቦ የሚፈልገውን አሳየው።

ዩሱፍ ወዲያው ገባው። «ጫማ ሲያወልቁ ወደ ኋላ ይጥልዎታል፣ አይደል? አጎቴን ሙሜንም ሰው ሠራሽ እግራቸው እንዲሁ ያደርጋቸዋል፤ መስጊድ ሲገቡ።»

«እሳቸውስ ምን አደረጉ?»

«ኢማሙን ጠየቁ። ‹ዲን ገር ነው፣ ላስቲክህን አድርግና ስገድ› አሏቸው። አለቀ።»

«እኔ ነሐስ ነው ያልኩህ።»

ዩሱፍ ነሐሱን አነሣ፤ ቱቦውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። «ቲቸር... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነሐስ ከዚህ ጋር ይስማማል እንዴ? ‹ባዕድ ብረቶች ሲጎራበቱ ደካማው ይበላል› ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«ለቤተ ክርስቲያን ቀን ብቻ ነው። አስገብቼ አወጣዋለሁ።»

«እሺ እንግዲህ፤ ቲቸር ካሉ።» ቆረጠለት፤ ጠርዙንም አለስልሶ ሰጠው።

ትክክለኛው መልስ ከሚስቱ አንድ ጊዜ፣ ከተማሪው አንድ ጊዜ በነፃ ቀረበለት። ሁለቱንም ጊዜ መለሰው።

ሽብልቁ ሠራ። ያለ ጫማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በለጡ እጇን አጨበጨበች። ሆኖም ቡሎኑን በየጊዜው መፍታትና ማጥበቅ አሰልቺ ነው። ከሁለት እሑድ በኋላ ሽብልቁን እዚያው ተወው፤ በእሱ ፈንታ ጫማውን ቀይሮ ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ማድረግ ጀመረ። በዚያ እግር የጀጎልን ድንጋይ ወጣበት፣ ወረደበት፤ ገበያ ሄደ፣ ለቅሶ ደረሰ፣ ሰርግ ቆመ። ያየው ሁሉ «ተመስገን፣ ቆመህ ሄድክ» ይለዋል።

ከመያዣው ሥር ጥቁር ዱቄት መውጣት የጀመረው በጥቅምት ነው።

ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ አፍታ እንኳ አልፈጀበትም። መያዣው ቱቦውን በሙሉ ገላው መጨበጡ ቀርቶ፣ በሽብልቁ ጠርዝና በትይዩው ወገን ብቻ ነክሶታል። ጥብቅ ብለው የተያያዙ የሚመስሉ ብረቶች፣ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ከፀጉር በቀጠነ ስፋት ይፋተጋሉ። የማግኒዚየሙ ገላ ይፋቃል፤ የተፋቀው አየርና እርጥበት ሲነካው ጠቁሮ ዱቄት ይሆናል፤ ከተፋቀው ቦታ ሥር ደግሞ፣ መያዣው በሸፈነው፣ ዓይን በማይደርስበት ስፍራ ስንጥቅ ይወለዳል። ተራው ብረት ወሰን አለው፤ ከወሰኑ በታች ከጫኑት ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል። እንዲህ የሚፋተግ ማግኒዚየም ግን የሚታመን ወሰን የለውም። እያንዳንዱ እርምጃ ከዕድሜው ላይ ይቀነሳል። ሽመልስ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ሥሎታል።

በለጡ ደግሞ ዱቄቱን ያየችው በሱሪው ላይ ነው።

«ሽሜ፣ ይኼ ጥላሸት ከየት ነው የሚመጣው? ባጥበውም አይለቅም።»

«ግራሶ ነው። መያዣውን ግራሶ ቀብቼው ነው።»

«እንደ ግራሶ አይደለም፤ ይሻክራል።»

«ግራሶ ነው አልኩሽ እኮ!»

እሷ የክርን ሸካራነት በጣቶቿ ጫፍ የምትለይ ሴት ናት። ጣቶቿ የነገሯትን ትታ ባሏ የነገራትን አመነች፤ መምህር ነውና። እሱም ልብሱን እንዳያቆሽሽ መያዣውን ዙሪያውን በፕላስተር ጠቀለለው። ዱቄቱ መታየቱን አቆመ። እርጥበቱ ግን ከፕላስተሩ ሥር ታፍኖ ቀረ፤ ነሐሱም ማግኒዚየሙን መብላቱን ቀጠለ። ጥቁሩ ካልሲ በፕላስተር ስም ተመልሶ መጣ፤ ያው ሰው ያንኑ ሥራ ሠራ።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ደግሞ የሠራው ከዚህ ይከፋል። ጠዋት ተነሥቶ ፕላስተሩን ላጠ፣ ሽብልቁን አወጣ፣ ዱቄቱን በቤንዚን አጠበ፣ ቱቦውን መያዣው ውስጥ እንደ ነበረ መልሶ አጠበቀ። ሰላማዊት መያዣውን በባትሪ አየችው፣ በጨርቅ ነካችው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ከጠርዙ በታች የተጫረ የመሰለ ነገር ስታይ ቀና ብላ አየችው።

«ይህቺ ጭረት ምንድን ናት፣ ጋሽ ሽመልስ?»

«ድንጋይ ነው። የጀጎልን መንገድ ታውቂው የለ?»

ቱቦውን አውጥታ ማየት ነበረባት። ሥራዋ ነው፤ ትችልም ነበር። ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ፣ ፊቷ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ የተከበረ ነበር። «እንደ እርስዎ እግሩን በንጽሕና የሚይዝ ታካሚ የለኝም» አለችና አመስግና ሸኘችው። ሽመልስም ምስጋናውን ተቀበለ። ከሰዓት በኋላ ሽብልቁን መልሶ አስገባ። ስቅለት ቀርቦ ነበር።

ስቅለት ደረሰ። ጫማውን ከበሩ አጠገብ አውልቆ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ከወንዶቹ መካከል ቦታ ያዘ። «ኪርያላይሶን» ሲባል ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ሲነሣ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በዚያ ቱቦ ላይ ያርፋል። የሚሰማው ግን ደስታ ብቻ ነበር፤ ላቡ ከእንባው ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። በለጡ ከሴቶች ወገን ሆና በየመካከሉ ታየው ነበር፤ መስገዱን ስትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ማታ ላይ መምሬ አሰፋ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቱን ሰጡት። «ዘንድሮ ድንጋዩ ላይ አጣሁህ» አሉት። እሱም ሳቀ። የፈለገውን አግኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሕዝቡ ሲወጣ በለጡ ቀድማው በሩ ጋ ደረሰች። ጫማውን ከክምሩ መካከል ፈልጋ አገኘችና፣ እሱ እንዳያጎነብስ፣ ተንበርክካ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቀኝ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ በግራዋ የጫማውን አፍ ከፈተችለት።

«በል አስገባ፣ የኔ ጀግና» አለችው።

ቀኝ እግሩን ለማንሣት በግራው ላይ ቆመ። እንደ ደረቅ ጭራሮ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መላ ክብደቱ፣ ከነተሰበረው ቱቦ፣ እጇ ላይ ወደቀ።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። አጥንቱ ገጠመ፤ የእጇ አንጓ ግን መታጠፍ እንቢ አለ፤ ሁለቱ ጣቶቿም መርፌ መያዝ ተዉ። ጀምራው የነበረውን ካባ ሌላ ጠላፊ ወሰደችው።

ሽመልስ የተሰበረውን ቱቦ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ለስላሳውና የጠቆረው ክፍል ከዳር ተነሥቶ ክቡን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ አዲስ የተበጠሰው ሸካራ ክፍል ከጥፍር አይበልጥም። ስንጥቁ የስቅለት ስንጥቅ አልነበረም። ሰላማዊት ዘንድ ወስዶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው፤ ሽብልቁንም ከጎኑ።

ሽብልቁን አንሥታ አየችው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብሎ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ራሱን ነቀነቀ። «ተይው። ብትጠይቂኝም እዋሽሽ ነበር።»

መምሬ አሰፋ በለጡን ሊጠይቁ ቤት መጡ። ሽመልስ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አጫወታቸው፤ ላስቲኩን፣ ነሐሱን፣ ሁሉን። ሽማግሌው መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙ።

«ላስቲክ? ከተረከዙ ሥር? ታዲያ ምን ነበረበት?»

«ጫማ መሰለኝ፣ አባ።»

«ልጄ፣ ያ እግር እኮ ሁለመናው ሰው የሠራው ነው። ጫማ ነው ካልክ እስከ ጉልበትህ ጫማ ነው፤ እግር ነው ካልክ ላስቲኩም እግር ነው። ለሙሴ አውልቅ የተባለው የተጫማውን ነው እንጂ የቆመበትን ነው? ምነው አልጠየቅኸኝም?»

«አፈርሁ።»

«ማንን? እኔን ወይስ እግዜርን?»

በለጡ እስከዚያ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኝታ ነበር። ሳትዞር አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ግራሶ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሣችበትም። ብታነሣበት ይሻለው ነበር፤ ጎረቤት ግን ትዕግሥቷን አደነቀላት፣ እሱንም «ፈተና ነው፣ አይዞህ» አለው። ፈተና አልነበረም። ፈተና ከውጭ ይመጣል።

ሰላማዊት አዲስ እግር ገጠመችለት፤ ቱቦው የተለመደው ብረት ነው፣ ከበድ ይላል። በዚህ ጊዜ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጫማ ነበር። የላስቲክ ተረከዙን ሠርታ ካልሲው ውስጥ ስታስገባለት፣ ሥራው ሻይ ሳይበርድ አለቀ። ጫማውን አውልቆ ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሚቀጥለው ስቅለት ሲመጣ ሽመልስ ከቤት ላለመውጣት አሰበ።

«አልሄድም» አላት። «ካንቺ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ለምን ተብሎ? ተነሥ እንጂ፣ ስግደቱ ያልፍሃል።» ነጠላዋን በግራ እጇ እየተከናነበች ነበር። «እኔም እሄዳለሁ። መቆም ማን ከለከለኝ?»

አብረው ሄዱ፤ በሩ ላይ ተለያዩ፤ እሱ ወደ ወንዶቹ፣ እሷ ወደ ሴቶቹ ወገን። «ኪርያላይሶን» ተባለ። ሽመልስ ሁለት መዳፎቹን መሬት ላይ አድርጎ ወደቀ፣ ተነሣ። እግሩ አልከዳውም፤ አልተንገዳገደም፤ ሚዛኑ የተዋጣ ነበር። ሲነሣ ሳያስበው ወደ ሴቶቹ ተመለከተ። የነጠላው ባሕር በሙሉ መሬት ላይ ተደፍቷል። በመካከሉ በለጡ ብቻዋን ቆማለች፤ መሬት ላይ ልታሳርፈው የማትችለውን እጇን በሌላው ደግፋ፣ አንገቷን ብቻ ደፍታ።

እንደገና ወደቀ። በተነሣ ቁጥር ቆማ ያገኛታል።